ከመደቡ ጥግ የሚቀረው፦ የሆድ ዕቃ፣ ምላስና ቅልጥም ለቤተሰብ ማዕድ እንዴት ይዘጋጃል?

በቅርጫ ቀን የሰው ሁሉ ዓይን ሻኛው ላይ ነው። ጭቅናውም ተመልካች አያጣም። ከመደቡ ጥግ ያለውን ጨጓራና ሽንፍላ ግን፣ በተለይ አዲስ ጎጆ የወጡ ልጆች፣ በፌስታል ቋጥረው "ማን ይወስድልኛል?" ሲሉ ታገኟቸዋላችሁ። አንዳንዱ ለሰፈሩ ጥበቃ ይሰጣል። አንዳንዱ ለውሻ ይጥለዋል። ጣዕሙን ጠልተው አይደለም፤ ያው ሰው ምግብ ቤት ሲገባ ዱለት ያዛል፣ ያውም ድጋሚ። የሚያስፈራው ማጠቡ ነው። ከየቱ እንደሚጀመር አለማወቅም አለ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ችግር እሱ ነው። ቀይ ሥጋ ይታገሣል፤ ተሰቅሎ ያድራል፣ ሲያስፈልግም ቋንጣ ይሆናል። የሆድ ዕቃ አይታገሥም። ጉበትና ኩላሊቱ ዛሬ ጠዋት፣ ጨጓራው ዛሬውኑ ታጥቦ ዱለቱ ለምሳ ወይም ለእራት፣ ምላስና ሽንፍላው ነገ፣ ቅልጥሙ ከነገ ወዲያ። ይህን ተራ ከጠበቃችሁ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

የማወራው ከአዲስ አበባ ዳር ላለን ሰዎች ነው። ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላን። እኛ ቢያንስ ግቢ አለን፣ ወይም ግቢ ያለው ጎረቤት አናጣም። ኮዬ ፈጬና መሰል ኮንዶሚኒየሞች ያላችሁም የጋራ መገልገያ ቤቱን ተጠቀሙበት እንጂ ጨጓራ ይዛችሁ አራተኛ ፎቅ አትውጡ። የኛ ችግር ሌላ ነው፦ ውሃው በፈረቃ ነው፣ መብራቱ በበዓል ዋዜማ መጥፋት ይወዳል፣ ማታ ደግሞ ጅብ አለ። ከታች ያለውን ስታነቡ ሦስቱንም አስቡ።

ከዕጣው በፊት ተነጋገሩ

በሬውን ከካራ ገበያም አምጡት ከሰፈር ነጋዴም ግዙት፣ የቅርጫው ወግ ያው ነው። ይታረዳል፣ ብልት አውጪው ይበልታል፣ ሥጋው ቅጠል ወይም ሸራ ላይ በእኩል መደብ ይደለደላል። ከዚያ ሁሉም እንጨትም ቁልፍም የሆነ ምልክት ይሰጣል፣ ያላየ ሰው ወይም ሕፃን ልጅ በየመደቡ ላይ ይጥላል። የደረሰህን ይዘህ ትገባለህ፣ አበቃ።

ታዲያ ይሄ እኩልነት የሚባለው ነገር ምላስ ላይ ሲደርስ ጉድ ይሠራል። አንዱ ምላስ ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ቤት ይቆራረጣል። ለእያንዳንዱ ሁለት ጉርሻ የማይሞላ። ኩላሊቱም እንዲሁ። በዚያ ቁራጭ ምን ይሠራበታል? ምንም። መጨረሻው ወጥ ውስጥ መግባት ነው። ስለዚህ ዕጣው ሳይወጣ ተስማሙ፦ ምላሱ ሙሉውን አንድ መደብ ላይ ይሁን፣ ከዚያ መደብ ላይ ግን በምትኩ ቀይ ሥጋ ይቀነስ። ሁለቱ ኩላሊቶች አንድ ላይ ሌላ መደብ ላይ፣ ሽንፍላው ሳይቆረጥ ሌላው ላይ። ከዕጣ በኋላ ይህን ብታነሱ ጠብ ነው የሚሆነው። ከዕጣ በፊት ግን ማንም የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ሁሉም ፍትሐዊ ይሆናል።

ቅርጫ የማትገቡ ከሆነ ሁለት መንገድ አላችሁ። አንዱ በግ ማረድ ነው፤ ለዱለት ከበሬ ይልቅ የበግ ጨጓራ በብዙ ይሻላል፣ ስስ ነው፣ ቶሎም ይጠራል። ሌላው ሉካንዳ ነው። ከዋዜማው ለባለ ሉካንዳው "ነገ ምላስና ጨጓራ አስቀምጥልኝ" በሉት። ረፍዶ መጥቶ የሚጠይቅ የሚያገኘው ሌላ ሰው ያልፈለገውን ነው።

ቀኑንም አስሉ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ማክሰኞ የታረደ ከብት የሆድ ዕቃ ጾም ላይ ይጥላችኋል። ቅዳሜ ቢታረድ እስከ ማክሰኞ ማታ ጊዜ አላችሁ። ፋሲካ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ሐሳብ የለም።

ምን ይዘጋጅ?

ዕቃው ብዙ አይደለም። ሁለት ትልልቅ ሳፋ፣ አንድ ብረት ድስት፣ ሁለት ቢላ (አንዱ ስል፣ አንዱ ለመፋቂያ የሚሆን ዶልዷማ)፣ ሰፊ መክተፊያ። ሻካራ ጨው፣ ሎሚ ወይም አቼቶ፣ ለመፈተጊያ የሚሆን ርካሽ የስንዴ ዱቄት። ፕሬዠር ድስት ያላችሁ አውጡት፣ ለምን እንደሆነ ምላሱ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ውሃ ነው ዋናው። ለአንድ የበሬ ጨጓራ ቢያንስ 3 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዙ፣ ሮቶ ያለው ሰው ደግሞ ከማታው ይሙላ። ግማሽ የታጠበ ጨጓራ ይዞ ውሃ እስኪመጣ መጠበቅ የሚያመጣውን ሽታ ለጎረቤት ማስረዳት አትፈልጉም።

ሆዱ ሲከፈት ቁሙና እዩ

ቄራ ውስጥ ሥጋ መርማሪ አለ። ግቢ ውስጥ ሲታረድ ግን መርማሪው እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ አራጁ ሆዱን ሲከፍት ቡና ላይ አትቀመጡ። የእንስሳት ሐኪም ማምጣት ከቻላችሁ እሱ ይበልጣል።

ከሁሉ በፊት፣ ሞቶ የተገኘ ወይም "ሊሞት ሲል ደረስንበት" የተባለ ከብት አይነካ። ርካሽ ነው ተብሎ አባ ሰንጋ ወደ ቤት ይገባል። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከዚያ ጉበቱን ተመልከቱ። ጤነኛ ጉበት ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ ላዩ ለስላሳና የሚያንጸባርቅ፣ ጠርዙም ስል። ስትቆርጡት ቱቦዎቹ ደድረው ቢላዋውን ካንገራገሩት፣ ወይም ከውስጣቸው ጠፍጣፋ ቅጠል የመሰለች ትል ከወጣች የጉበት ትል ነው፤ ያ ጉበት አይበላም። ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካያችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን በተለይ ለውሻ እንዳትሰጡ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ተውሳክ ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ውሻውን የሚያሻሹ ልጆች በእጃቸው ወደ አፋቸው ያስገቡታል፤ ከዚያ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይበቅላል። ስለዚህ አቃጥሉት፣ ካልሆነም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩትና ትልቅ ድንጋይ ጫኑበት። ድንጋዩ ለጅቡ ነው።

ምላስ፣ ጉንጭ፣ ልብና ወርች ላይ ደግሞ ትንንሽ ውሃ ያዘሉ ነጭ ነጠብጣቦች ፈልጉ። የኮሶ ትል ዘር እነዚህ ቦታዎች ላይ መቀመጥ ይወዳል። ካያችሁ ያ ከብት ለቁርጥ አይሆንም፣ ሥጋውን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ባታዩም የለም ማለት አይደለም፤ ዓይን ያመልጠዋል።

ሐሞቱን የሚያወጣው ሰው እጁ የረጋ ይሁን። ከፈሰሰ አረንጓዴ የነካውን ሁሉ ወዲያው ቆርጣችሁ ጣሉ። በማጠብ አይለቅም፣ ምሬቱ ድስት ድረስ ይከተላችኋል።

መጀመሪያ፦ ጉበትና ኩላሊት

ይህ የጠዋት ሥራ ነው። ገና ሥጋው ተደልድሎ ሳያልቅ ከሰል ይቀጣጠል። ጉበት ሲያድር ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ሲጠበስም ይደርቃል።

ጉበቱን ስስ ልባሱን ላጡት። ጫፉን በጥፍር አንሡና ሳብ ሲያደርጉት ይመጣል። ካልተላጠ መጥበሻ ላይ ይሸበሸብና ጉበቱን እንደ ጎማ ያደርገዋል። ወፍራም ቱቦዎቹን አውጡ፣ በጣት ስፋት ቁረጡ። መጥበሻው በደንብ ይጋል፣ ትንሽ ዘይትና ቅቤ፣ ጉበቱ በትንሽ በትንሹ ይግባ። አንዴ ሁሉን ካፈሰሳችሁት ውሃ ያወጣና ይቀቀላል። አንድ ሁለት ጊዜ ገልብጡት፣ ከዚያ በደረቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ጨምሩ። መሀሉ ቀይ ሆኖ መቅረት የለበትም። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀድሞ ከገባ ውሃውን አውጥቶ ያደነድነዋል።

ኩላሊቱን ለሁለት ክፈሉት። መሀሉ ላይ ያለውን ነጭ ስብና ጅማት በጫፋም ቢላ አውጡ፣ ሽታው ያለው እዚያ ነው። ሎሚ ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ይጨመቅ፣ እንደ ጉበቱ ይጠበስ። ኩላሊትን በሚጥሚጣ ጥሬውን የሚወዱ አባቶች አሉ፣ እኔ ከእነሱ ጋር አልከራከርም፤ ለልጆች ግን የበሰለውን ስጡ።

ነፍሰ ጡር ካለች ጉበት ላይ አታስገድዷት። "ደም ይሆንሻል" እየተባለ በየቀኑ ይሰጣል። ብረት እንዳለው እውነት ነው፣ ነገር ግን የቫይታሚን ኤ ክምችቱ በጣም ከፍተኛ ስለሆነ ለፅንሱ አይመከርም። ቀይ ሥጋው ይበቃታል።

ጨጓራውን ማጠብ

እንግዲህ ዋናው ሥራ እዚህ ነው፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። ወንዶቹ አርደው እጃቸውን ይታጠቡና ቁርጥ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ እስከ ምሳ ድረስ ጎንበስ ብለው ጨጓራ ይፍቃሉ። የበዓል ወጋችን ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ማረድ ግማሽ ሰዓት፣ መፋቅ ግማሽ ቀን ሆኖ ሳለ ይሄ ክፍፍል አይገባኝም። ወንድሜ፣ ጀሪካኑንም ፍቂያውንም ተካፈል። ክንድ ይጠይቃል፣ አንተ ደግሞ ክንድ አለህ።

ጨጓራውን ቅደዱና ፈርሱን አራግፉ። ፈርሱን አትጣሉት፣ ከጎመኑ መደብ ራቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ አፈር አልብሱት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚገርም ማዳበሪያ ነው። ጨጓራውን ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ ውሃውን ቀይሩ፣ እንደገና፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ። የተለጠፈበትን ስብ ከውጪ በኩል ላጡ። ከዚያ በሚመቻችሁ መጠን አራት አምስት ቦታ ቁረጡት። ሙሉውን ይዞ መታገል ውሃና ጉልበት ያባክናል።

አሁን የሙቅ ውሃው ጉዳይ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ውሃው መፍላት የለበትም። እጅ መግባት የማይችልበት፣ እንፋሎቱ የሚታይ ግን ገና ያልተንፈቀፈቀ ይሁን። አንዱን ቁራጭ ንከሩ፣ አንድ ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ አውጡና በዶልዷማው ቢላ ወይም በማንኪያ ጠርዝ ፋቁ። ጥቁሩ ሽፋን ተጠቅልሎ መነሣት አለበት። እምቢ ካለ መልሳችሁ ንከሩት። የፈላ ውሃ ውስጥ ከጨመራችሁት ግን ሽፋኑ ይደርቅና ከሥጋው ጋር ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብትፍቁ አይለቅም። ስለዚህ ድስቱ ከሰሉ ላይ ይሁን፣ እየፈላ እንዳይሄድ ግን ከሰሉ ላይ አመድ ነስነስ አድርጉ።

ሁሉም ቁራጭ ነጣ ካለ በኋላ ሻካራ ጨው፣ ዱቄትና ሎሚ አድርጋችሁ በሁለት እጅ ፈትጉት፣ ልብስ የምታጥቡ ያህል። ዱቄቱ ዝልግልጉን ይዞ ይወጣል። አለቅልቁ፣ ድገሙት። በረኪና ወይም የዕቃ ሳሙና ግን አይነካውም። "እንዲነጣ" ብለው በረኪና የሚያደርጉ አሉ፣ ጨጓራ ውሃ እንደሚመጥ ሁሉ በረኪናውንም ይመጣል፣ ያንን ነው የምትበሉት። ጨጓራ ወረቀት መምሰል አያስፈልገውም። ከታጠበ በኋላ የሣር ሽታ ትንሽ ቢቀረው ጤነኛ ነው፤ የበሰበሰ ሽታ ካለው ግን ዘግይታችኋል ማለት ነው፣ አይበላም።

ሞራውን ለብቻ አስቀምጡት። ድሮ ሞራ ገላጭ ቢኖር የዓመቱን ዝናብ ይነግራችሁ ነበር። አሁን ግን አቅልጡትና በጠርሙስ አኑሩት፣ ለምላሱ መጥበሻ ይሆናል።

ዱለት

ዱለት ቤት ውስጥ ሲሠራ ከምግብ ቤቱ የሚለይበት ነገር አለ፤ መክተፉ። በማሽን የተፈጨ ዱለት ለኔ ዱለት አይደለም። ጨጓራው ይጨማለቃል፣ ጉበቱ ይላቁጣል፣ አንድ ላይ ሲገባ ጭቃ ይሆናል። በቢላ ይከተፍ። ሦስቱም ለየብቻ ይከተፉ፣ ምክንያቱም ለየብቻ ነው የሚበስሉት።

ልኩ ከጨጓራ አንድ እጅ፣ ከጉበት አንድ እጅ፣ ከጮማ የጠራ ቀይ ሥጋ አንድ እጅ ተኩል ነው። አንድ በግ ከታረደ የጨጓራው ልክ መነሻ ይሁናችሁ። ለስድስት ሰው ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ከአንድ እስከ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ ሁለት ሦስት ቃሪያ። ሚጥሚጣው ጨው ካለበት ጨው አትቸኩሉ።

ጨጓራውን በተቻለ መጠን አድቅቁት። ቀዩን ሥጋ ከዚያ ሸካራ አድርጉ። ጉበቱን መጨረሻ፣ ቢላውን አጥባችሁ። የበሬ ጨጓራ ከሆነ ወፍራሙን ክፍል ነገ ከምላሱ ጋር ለሚቀቀለው ሰንበር ለዩትና ስሱን ብቻ ለዱለት ውሰዱ።

ሽንኩርቱን በቅቤው ለስለስ አድርጉ፣ እንዳይጠቁር። ኮረሪማና ሚጥሚጣውን ጨምራችሁ አንድ ሁለት ጊዜ አማስሉ፣ ሽታው ግቢውን ሲሞላው ጨጓራው ይግባ። ክዳኑን ግጠሙና አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት፣ አልፎ አልፎ እያማሰላችሁ። ከዚያ ቀዩ ሥጋ፣ አራት አምስት ደቂቃ። በመጨረሻ ጉበቱ። ጉበቱ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ሲቀይር ቃሪያውን በትናችሁ አውርዱት። ከዚያ በላይ ከቆየ ጉበቱ አሸዋ አሸዋ ይላል።

ለብለብ ወይም ጥሬ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ቅቤውና ቅመሙ ሞቆ ከወረደ በኋላ ሥጋውን እዚያው ማሸት ነው፣ ሥራው ይሄው ነው። ጣዕሙን አልክድም። ግን ያው የኮሶውን ነገር ቀድሜ ተናግሬያለሁ፣ እና ልጆችና አረጋውያን ያሉበት ትሪ ላይ በሳሉን አቅርቡ። ጥሬ የሚበላው በራሱ ሳህን ይብላ።

አይብና ጎመን ከጎኑ ካለ፣ ቆጮም ከተገኘ፣ እጅ ያስቆረጥማል። ሪህ ያለበት የቤተሰብ አባል ግን ከሆድ ዕቃ በጠቅላላ ቢርቅ ነው የሚሻለው፤ በማግሥቱ የእግሩ አውራ ጣት ያብጣል፣ በዓሉም ይበላሽበታል።

ምላስና ሰንበር

በሁለተኛው ቀን ነው። ምላሱ ከማታው በጨው ውሃ ተነክሮ ይደር፤ ጠዋት በብሩሽ ፈትጉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከውጭ የመጡ የምግብ አሠራሮች "ሁለት ሰዓት ቀቅሉ" ይላሉ፣ እኛ ስናደርገው ግን ምላሱ ገና ድንጋይ ነው። ጥፋቱ የከብቱ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሱሉልታ ላይ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ዝቅ ይላል። ውሃው ይንፈቀፈቃል እንጂ ሙቀቱ ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ በተራ ድስት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ቁጠሩ፣ በፕሬዠር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይበቃል። ፕሬዠር ድስት ከተማው ዳር ላለ ሰው የቅንጦት ዕቃ አይደለም፣ የከሰል ወጪውን ብቻ አስቡት።

ምላሱን መጀመሪያ አሥር ደቂቃ አፍልታችሁ ውሃውን ድፉት። በአዲስ ውሃ፣ ከተሰነጠቀ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ከጥቂት ቁንዶ በርበሬ ጋር መልሱት። ወፍራሙን የጨጓራ ክፍል፣ ማለትም ሰንበሩን፣ አብሮ መጨመር ይቻላል። መድረሱን በሰዓት አትለኩ፤ ሹካ ስትሰኩበት ያለ ግፊት ከገባ ደርሷል።

መላጥ ያለበት ትኩስ እያለ ነው። አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበትና እጅ እንደቻለው ወዲያው ቆዳውን ሳቡ። ከቀዘቀዘ ቆዳው ይጣበቅና በቢላ መላጥ ይመጣል፣ ግማሹ ሥጋ አብሮ ይሄዳል። ከሥሩ ያለውን ጅማትና ትንንሽ አጥንት አንሡ። ከተላጠ በኋላ ግን ቀዝቀዝ ይበል፣ ሲቀዘቅዝ ነው በስሱ የሚቆረጠው። ሰንበሩንም በረጅሙ በቀጭኑ ቁረጡ።

አዋዜ በሎሚና በትንሽ የተቀቀለበት መረቅ ቀጥኑ፣ ጥሬ ሽንኩርትና ቃሪያ በስሱ ክተፉ፣ ሁሉን አንድ ላይ አሹት። ሰናፍጭ የሚወድ ጠብ ያድርግ። ሙቅ የሚፈልግ በሞራው መጥበሻ ላይ ጠርዙ እስኪቀላ ያገላብጠው። ምላስ የማይበላ ልጅ ካላችሁ ሳትነግሩት አቅርቡለት፣ ከዚያ በኋላ ተሻምቶ ነው የሚበላው።

ሽንፍላ

ሽንፍላ ታጥቦ አይጠራም ሲባል ሰምታችኋል። ይጠራል፣ ትዕግሥት ካለ። ውስጡ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቧል፤ በየገጹ መሀል ፈርስ አለ። ከጎኑ ቅደዱትና እየገለጣችሁ በሚወርድ ውሃ አንድ በአንድ እጠቡ፣ ከዚያ በጨውና በዱቄት ማሸት። የሙቅ ውሃው ንክርም ለሱ ይሠራል፣ ግን አጭር ይሁን፣ ገጾቹ ስስ ናቸው።

በጣት ስፋት ቆራርጣችሁ እስኪለሰልስ ቀቅሉ፣ የመጀመሪያውን ውሃ ድፉ፣ የሁለተኛውን አስቀሩ። ለወጡ ሽንኩርቱ ይብዛ፣ ያለ ዘይት ረጅም ጊዜ ይቁላላ፣ ከዚያ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ቁሌቱ በደንብ ሳይበስል ሽንፍላ ከገባ ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሽንፍላው ደግሞ ራሱ ብዙ ጣዕም የለውም፤ የሚጠጣው የቁሌቱን ነው። ያስቀራችሁትን መረቅ ጨምራችሁ ሠላሳ አርባ ደቂቃ በዝግታ፣ ከዚያ ንጥር ቅቤና መከለሻ። ወጡ ካደረ ይበልጥ ይጣፍጣል።

አንጀቱስ? ከተገለበጠና እንደ ጨጓራው በጨውና በሎሚ ከታሸ በኋላ ከሽንፍላው ጋር ወጥ መግባት ይችላል። ቋሊማ የሚሠሩ ቤቶችም አሉ፣ የተከተፈ ሥጋና ጮማ በቅመም አሽተው አንጀቱ ውስጥ ይሞሉና ይሰቅሉታል። ለጀማሪ ግን አልመክርም። ልብና ሳንባን በብዙ ቤት አይበሉም፣ ልብ ግን በስሱ ተቆርጦ ሲጠበስ ግሩም ነው። ሳንባውን ተዉት። ለውሻ መስጠት ካለበትም በደንብ ተቀቅሎ ይሁን።

ቅልጥም

ሦስተኛው ቀን ላይ ሁሉም ሰው ቅባት ሰልችቶታል፣ የቅቅል ቀን ነው። ቅልጥሙን አራጁ በመጋዝ ይቁረጥላችሁ። በመጥረቢያ ከተሰበረ የአጥንት ፍርካሽ መረቁ ውስጥ ይገባል። ከጎድን ወይም ከፍሪምባ አጥንት ጋር በቀዝቃዛ ውሃ ጀምሩ፣ ሲፈላ የሚወጣውን አረፋ ግፈፉ፣ እሳቱን ቀንሱ። ሽንኩርት፣ እርድና ጨው፤ ሊወርድ ሲል ቃሪያና የጥብስ ቅጠል። ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ድንች የሚጨምሩ አሉ፣ እኔ መረቁን ስለሚያደፈርሰው አልወድም።

ቅልጥሙ ለማን ይድረስ የሚለው የየቤቱ ሕግ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለአባት ወይም ለእንግዳ ይሰጣል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ጠዋቱን ሙሉ ጨጓራ ሲፍቅ ለዋለ ሰው ነው የሚገባው። አጥንቱን ሳህን ላይ መታ መታ አድርጉ፣ የማይወርደውን በማንኪያ እጀታ አውጡ፣ በትኩሱ እንጀራ ላይ፣ ጨውና ሚጥሚጣ በላዩ። ከቀዘቀዘ ይረጋል።

በሬው ቅዳሜ ከታረደ፣ ከረቡዕ ጾም በፊት ማክሰኞ ማታ የተረፈ መረቅ ካለ ስቡን ከላይ አንሡና ፍሪዘር ይግባ፣ ሐሙስ ለሾርባ ይሆናል። መብራት ሊጠፋ ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ማክሰኞ ማታውኑ ጎረቤት ጥሩና ጨርሱት።